ትንሿ ግራይንደር

"ጠጅቱ! ግራይንደሬን የት አደረግሽው?"

ጠጅቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። የባሏን ድምፅ ስትሰማ ቢላዋውን አስቀመጠች። ሸዋንግዛው የሚጣራው ከጓሮ፣ ከቆርቆሮ ከተሠራችው ወርክሾፑ ውስጥ ነው። የሳጥን መክደኛ ሲከፈት፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማታል። ወደዚያች ክፍል ሳይገባ አሥራ አንድ ወር ሆኖት ነበር።

ዛሬ ያስገባው የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሀረገወይን የበር ማጠፊያ ነው። ሴትዮዋ በጠዋት የተሰበረውን ማጠፊያ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው መጡ። "ልጆቼ ሌላ ጋ እንውሰደው አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። በሩን የሠራው ሸዋንግዛው ነው፣ ማጠፊያውንም እሱ ነው የሚሠራው አልኩ" አሉ። ሸዋንግዛው ማጠፊያውን ተቀብሎ እንደ ሕፃን ልጅ ሲያገላብጠው ጠጅቱ አይታለች። ስትሮክ ከመታው ወዲህ አብነት ሰፈር ውስጥ ለእሱ ሥራ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም።

እግሩ ድኗል። አንደበቱም ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈቷል። የቀረችው ቀኝ እጁ ናት። ማንኪያ ትይዛለች፣ በር ትከፍታለች፣ ከዚያ በድንገት ትዝልና ሳትነግረው ትለቃለች። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ሁለቱም አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።

ጠጅቱ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ወጣች። ሸዋንግዛው የብረት መቁረጫው ግራይንደር ይቀመጥበት በነበረው ባዶ የእንጨት ሳጥን ፊት ቆሟል።

"ለኢታና ሰጠሁት" አለችው።

ኢታና ዘጠኝ ዓመት አብሮት ሠርቶ፣ አሁን ሰንጋ ተራ የራሱን ወርክሾፕ የከፈተ ልጅ ነው።

"መቼ?"

"ከሆስፒታል በወጣህ በሳምንቱ። የሻይ ብርጭቆው ከእጅህ የወደቀ ጊዜ። በማግስቱ ልጃችን መቅደላዊት ፊዚዮቴራፒ ይዛህ ስትሄድ ኢታናን ጠርቼ ውሰደው አልኩት።"

ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። ቢጮህ ይሻላት ነበር። እሱ ግን በርጩማው ላይ ቁጭ አለና ባዶውን ሳጥን ማየት ቀጠለ።

"ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

"ብጠይቅህ እሺ ትል ነበር?"

"አልልም።"

"እና ያ ጉድ ከእጅህ አምልጦ ቢገድልህስ? ምን ልሁን ነው የምትለኝ?"

ሸዋንግዛው ቀና ብሎ አያት። "ቁጭ ብዬ መሞቴን ግን አላየሽም፣ ጠጅዬ" አላት፣ ቀስ ብሎ።

ጠጅቱ የወረዳ መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። የሚጨቃጨቅ፣ የሚያለቅስ፣ የሚሳደብ ባለጉዳይ ስታስተናግድ ነው የኖረችው፤ ለሁሉም መልስ ነበራት። ዛሬ ግን የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ስትቆልፍለት ፊቱን ወደ መስኮቱ የሚያዞረው ታሰባት። ድካም ይመስላት ነበር።

"ለኢታና ልደውልና ላስመልሰው?" አለችው።

"ተዪው። የሰጡት ዕቃ አይጠየቅም። ልጁም እየሠራበት ነው።"

መቀነቷን አጠበቀች። ከዚያ "በል ተነሳ፣ ጃኬትህን ልበስ" አለች።

"ወዴት?"

"ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ መሣሪያ ሱቆቹ ጋ። ሌላ እንገዛለን። ግን እኔም አይቼው ነው።"

በእግራቸው ሄዱ። ሸዋንግዛው ቀኝ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ ሰላም የሚሉትን ሁሉ አንገቱን ዝቅ እያደረገ አለፈ። ድሮ የሁሉንም እጅ ጨብጦ ካልሆነ የማያልፍ ሰው ነበር፤ አብራው ስትወጣ መንገዱ አያልቅም ብላ ትነጫነጭበት ነበር። ዛሬ በሩብ ሰዓት ደረሱ።

የመሣሪያ ሱቋ ጠባብ ናት። ግድግዳው እስከ ጣሪያው መሰርሰሪያ፣ መጋዝ፣ ሰንሰለትና የብየዳ ጭንብል ተሰቅሎበታል። ከባንኮኒው ኋላ ሻሿን ጠቅልላ ያሰረች፣ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ቆማለች። ሙፊዳ ትባላለች፤ ሱቁን ከአባቷ የተረከበችው እሷ ናት።

"ግራይንደር ነበር" አላት ሸዋንግዛው። "ዘጠኝ ኢንቹን።"

ጠጅቱ ተናግራ እንዳታሳፍረው ከንፈሯን ነከሰች። ሙፊዳ ትልቁን ግራይንደር ከመደርደሪያው አውርዳ በሁለት እጇ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። ሸዋንግዛው ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና የኋላ እጀታውን ጨበጠ፣ በግራው ደግሞ የጎኑን ያዘ። አነሳው። እንደ ድሮው ወደ ጎን አጋደለው። ፊቱ ላይ ያ የሥራ መልኩ ለአፍታ ብቅ አለ። ወዲያው ቀኝ እጁ ለቀቀች።

ጠጅቱ ልትይዝለት እጇን ዘረጋች፤ ሙፊዳ ግን ቀደመቻትና መሣሪያውን ከሥር ደገፈችው።

"ገመዱ ነው የያዘው፣ ጋሼ" አለች፣ ገመዱን ወደ ጎን እየሳበች። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠላለፈው።"

ገመዱ ምንም አልያዘውም ነበር። ሸዋንግዛውም አውቋል፤ ጆሮው ሲቀላ ጠጅቱ አየች።

"ምን ሊሠሩበት ነው?" ብላ ጠየቀችው ሙፊዳ።

"የበር ማጠፊያ ነው አሁን ያለኝ። ሌላም ጥቃቅን ነገር። ቤት ውስጥ ነው የምሠራው።"

"ታዲያ ይሄ ምን ያደርግልዎታል? ይሄኮ የሕንፃ ብረት ለሚቆርጡ ነው። ቆይ፣ ትንንሾቹን ላሳይዎት።"

ሁለት አወጣች። ሁለቱም አራት ተኩል ኢንች የመቁረጫ ዲስክ የሚይዙ፣ ክብደታቸውም ከአንድ የውኃ ኮዳ ብዙ የማይበልጥ ናቸው። አንዱ ጎኑ ላይ በአውራ ጣት ወደ ፊት ተገፍቶ የሚቆለፍ ማብሪያ አለው። ሌላኛው ከሆዱ ሥር ረዘም ያለ መጫኛ አለው። ሸዋንግዛው ሳያመነታ የመጀመሪያውን አነሳ። "ይሄን አውቀዋለሁ" አለ።

ጠጅቱ ወደ ሙፊዳ ጠጋ አለች። "የኔ ልጅ፣ ይሄኛው በሥራ ላይ እያለ ከእጅ ቢወድቅ ምን ይሆናል?"

"ማብሪያው ስለሚቆለፍ መሬት ላይም ወድቆ መዞሩን ይቀጥላል፣ እትዬ።"

"ያኛውስ?"

"ያኛው ሲጨብጡት ብቻ ነው የሚሠራው። እጅ ሲለቀው ኃይሉ ይቋረጣል። ዲስኩ ግን ትንሽ ዞሮ ነው የሚቆመው፣ እሱን አልዋሽዎትም።"

"የጀማሪ ዕቃ ነው እሱ" አለ ሸዋንግዛው።

"አባቴ ይሄን ቢሰማ ይከራከርዎት ነበር" አለች ሙፊዳ፣ ፈገግ ብላ። "የሚቆለፈውን ጀማሪ ነው የሚወደው፣ ገና ስላልፈራ ይላል። ይሞክሩት እስቲ፣ ዲስክ አላስገባሁበትም።"

መሰኪያውን ሶኬት ላይ ሰካች። ሸዋንግዛው ከሥሩ መጫኛ ያለውን በቀኝ እጁ ያዘና ጨበጠው። ግራይንደሯ ጮኸች። ጠጅቱ ዓይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም። ጥቂት ሰኮንዶች አለፉ። ድምፁ በራሱ ጊዜ እየሰለለ ሄዶ ጸጥ አለ።

"ተበላሸ?" አለ።

እንደገና ጨበጠው፤ ጮኸ፤ ጸጥ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ደገመው። መሣሪያው አልተበላሸም። እጁ ደክማ መጫኛውን በለቀቀች ቁጥር ነው የሚቆመው።

ሸዋንግዛው ግራይንደሯን ባንኮኒው ላይ አሳረፈና ቀኝ መዳፉን ገልጦ ተመለከተው።

"ልቀቂ ሳልላት ነው የምትለቀው" አለ። ለማን እንደተናገረው አልታወቀም። "ነቅቼ እጠብቃታለሁ፣ ግን አታሳውቀኝም።"

በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ስለ እጁ ሲናገር ጠጅቱ የሰማችው ይህ የመጀመሪያው ነው። ክንዱን መንካት ፈለገች፤ ግን ሰው ፊት መሆኑን አስባ የጃኬቱን ጠርዝ ብቻ ይዛ ቆመች። ሙፊዳ ጀርባዋን ሰጥታ ካርቶን ስታገላብጥ ቆየችና አንድ ትንሽ ጥቁር እጀታ ይዛ ዞረች።

"የጎን እጀታውን በየት በኩል ልሰርልዎት፣ ጋሼ? በሁለቱም በኩል ይገባል።"

አርባ ዓመት ሙሉ የጎን እጀታው በግራ ነበር። ጠጅቱ የማታውቀውን ያህል ብረት የቆረጠው በዚያ አያያዝ ነው። ሸዋንግዛው እጀታውን አየ፣ ግራይንደሯን አየ። ውጭ የታክሲ ረዳት "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ ይጮሃል።

"በቀኝ እሰሪልኝ" አለ። "ዋናውን በግራዬ ነው የምይዘው። ቀኟ ትደግፍ።"

ሙፊዳ እጀታውን በቀኝ በኩል አጥብቃ ሰጠችው። በግራው ጨበጠ። ግራይንደሯ ጮኸች፣ መጮኋንም ቀጠለች። አያያዙ ገና ልጅ እስክሪብቶ እንደሚይዘው ነበር፤ ክርኑ ከጎኑ ርቋል፣ ትከሻው ተነስቷል። ግን አላቆመችም። ራሱ ፈቅዶ ሲለቃት ቆመች። እንደገና ሞከረ፣ አሁን ትከሻውን ዝቅ አደረገ።

"ይለመዳል" አለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማጠፊያውን የሚይዘውን ሞርሳ ግን በአንድ እጅ አላጠብቀውም። እሱ ጉልበት ይፈልጋል።"

"እኔ አጠብቅልሃለሁ።"

"አንቺ? የእሳት ብልጭታ ስታዪ ነጠላሽን ይዘሽ የምትሮጪ ሴት?"

"እስካሁን ስለሮጥኩ ነው ድካሙ የበዛብኝ" አለችው።

ሸዋንግዛው ሳቀ። ድሮ በሚስቀው አሳሳቅ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ።

ሙፊዳ ግራይንደሯን ካርቶኗ ውስጥ እየመለሰች "የመቁረጫና የመሞረጃ ዲስክ ልጨምር?" አለች።

"ጨምሪ" አለ ሸዋንግዛው።

"መነጽርስ? ብልጭታ መከላከያ?"

"አዎ፣ የድሮው ተጭሯል። አንድ ስጪኝ።"

"ሁለት አድርጊው" አለች ጠጅቱ።

ሸዋንግዛው ዞሮ አያት። "ሁለት ለምን?"

"እኔ ዓይን የለኝም?" አለችውና፣ ሙፊዳ ከዘረጋችላቸው መነጽሮች አንዱን አንስታ ለፊቷ መሆኑን ለመለካት ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፋ አደረገች።