የጋሽ ቦግዳን ግራ እጅ

«ውይ ጋሼን! ውይ ጎረቤቴን!» እያለች እታገኝ ደጁ ላይ ስትደርስ፣ በሩን የከፈቱላት ራሳቸው ሟቹ ነበሩ።

ጋሽ ቦግዳን በካልሲያቸው ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ጥቁር ቀሚስ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ በሁለት እጇ ያቀፈችው የምስር ወጥ ድስት።

«ማን ሞተ?» አሏት።

«እርስዎ!» አለች፣ አምልጧት።

እውነቱን ለመናገር እታገኝ ላይ አይፈረድም። ቅዳሜ ከሰዓት አትላንታ አጠገብ ባለችው ሊልበርን ውስጥ፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች መኪናቸውን መንገድ ዳር ፓርክ እያደረጉ፣ አንገታቸውን ደፍተው አንድ ቤት ሲገቡ ያየ ሐበሻ ሌላ ምን ያስባል? በዚያ ላይ ጋሽ ቦግዳን ስትሮክ መቷቸው ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ከቤታቸው ይሰማ የነበረው የፒያኖ ድምፅ ጠፍቷል። ደውላ ብታጣራ ምን ነበረበት የሚል ይኖራል። በእሷ ደንብ ግን ለቅሶ ይደረሳል እንጂ አይጣራም።

«ጥቁሩ የሥራ ልብሳችን ነው፤ ማታ ሰርግ እንጫወታለን» አለ ቤዝ ተጫዋቹ ክላረንስ ከሳሎን። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ሟቹም ሳቁ።

ሚስታቸው ሊዲያ ድስቱን ተቀብላ እታገኝን አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ ነገሩንም በሹክሹክታ ነገረቻት። ጓደኞቻቸውን የጠሩት ራሳቸው ጋሽ ቦግዳን ናቸው። ዛሬ ሞክረው ግራ እጃቸው እምቢ ካለ፣ ፒያኖው ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፤ ነገሩ አበቃ።

ያ ግራ እጅ የዋዛ እጅ አይደለማ! የጋሽ ቦግዳን ወላጆች ከዩክሬን በጦርነት ተሰደው አሜሪካ የመጡ ናቸው፤ አባት በቀን ቤት ቀቢ፣ በእሁድ አኮርዲዮን ተጫዋች። ልጅየው ጃዝ ለምዶ ከአንድ ባንድ ጋር ሲዞር፣ መኪናቸው አትላንታ ላይ ተበላሽታ እዚሁ ቀረ። በሆቴል ባር ጀምሮ ሸክላ አሳተመ፣ አውሮፓን ዞረ፤ ኪየቭ ላይ የእናቱን እሹሩሩ በጃዝ ቢጫወት አዳራሹ ቆሞ አለቀሰ ይባላል። ሰው ቲኬት የሚቆርጠው ግን ወፍራም ወፍራሙን ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ለሚያንደቀድቀው ለዚያ ግራ እጅ ነበር። እታገኝ ራሷ ስንቴ በመስኮት ብቅ ብላ «ጋሼ፣ ነገ ሥራ አለኝ እኮ!» ብላለች።

አሁን ጋሽ ቦግዳን ፒያኖው ፊት ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸው እሹሩሩውን ጀመረ፤ ቤዙና ከበሮው ተከተሉ። ግራው ግን ሰው ቤት እንደ መጣ እንግዳ ተሽኮረመመ። አንዴ ሞከሩት፣ ሳተ። ደገሙት፣ ባሰበት። ሊዲያ የእታገኝን ጉልበት ጨምድዳ ያዘች።

«በቃ» አሉ ጋሽ ቦግዳን፣ ክዳኑን ሊዘጉ።

«እኔ መቼ አቆምኩ?» አለ ክላረንስ፣ ቤዙን ዱም ዱም እያደረገ።

ሰውየው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡት። ከዚያ በቀኛቸው ገቡ፤ ከግራው ሁለት ጣት ብቻ ነካ፣ አነሳ። ነካ፣ አነሳ። ነጎድጓዱ ይኖርበት በነበረው ባዶ ቦታ ቤዙ ገብቶ ይዘፍን ጀመር። እታገኝ ጃዝ የሚባል ነገር አይገባትም፤ ግን ታፍኖ የከረመ ክፍል መስኮቱ ሲከፈት የሚሰማት ዓይነት አየር ደረቷ ገባ። ሲጨርሱ መቀመጥ አልቻለችም። እልልታዋን አቀለጠችው፤ ያውም በለቅሶ ነጠላ!

ሊዲያ እያለቀሰች ትስቃለች። ጋሽ ቦግዳን ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ወደ ክላረንስ ዞሩ።

«እውነቱን ንገረኝ። ያለ ግራ እጄ ያስጠላል?»

ክላረንስ ቤዙን ግድግዳው ላይ በቀስታ አስደገፈ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ፤ «ሃያ ዓመት አብሬህ ስጫወት፣ የራሴን ድምፅ የሰማሁት ዛሬ ነው።»