ስልክ የማያነሳው ሰው

ሶፋ ሠሪው የአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት መስታወት በመስበር ጥፋተኛ ተብሎ አንድ ዓመት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ግን በገደብ ሆነለትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ግዴታው ቁጣን ስለመቆጣጠር የሚሰጥ ትምህርት መከታተልና በየሰኞው ጠዋት ከክትትል ቢሮ የሚደወልለትን ስልክ ማንሳት ነበር። ዐሥራ አራት ሰኞ ተደወለለት፤ ዐሥራ አራቱንም አላነሳም። የሚደውልለት አንጋፋ ሠራተኛ በየጊዜው መዝገቡ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ "ይጠራል፤ አያነሳም" ብሎ ጻፈ። በመጨረሻም "ግዴታውን ስላላከበረ ፍርድ ቤት ይቅረብ" ብሎ ፈረመና ጡረታ ወጣ።

ፋይሉ የተላለፈላት ሴት ለቢሮው አዲስ ስለነበረች ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበችው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሐኪም የጻፈው አንድ መስመር አለ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰሙም ይላል። ፋይሉን ይዛ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

"ሰውየው መስማት የተሳነው ነው" አለችው።

አለቃዋ ቅጹን ከመሳቢያ አወጣ። "ታዲያ ስልክ ቁጥር ምን ሊሆን ሰጠን?"

"መልእክት ይጻጻፍበታል።"

"እኛ እንደውላለን እንጂ አንጻጻፍም። ቅጹን ተመልከቺው፤ 'ተደውሎ' ነው የሚለው።"

በማግስቱ ሶፋ ሠሪው የሚሠራበት ቤት ሄደችና በሩን አንኳኳች። ደጋግማ ካንኳኳች በኋላ ነው ምን እያደረገች እንደሆነ የገባት። ግራ ቀኝ አይታ፣ ማንም እንዳላያት አረጋግጣ ገባች።

ሰውየው አንድ እግሩ የጎደለ ሶፋ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ጨርቅ ይወጥራል። ታላቅ እህቱ ስፖንጅ ተሸክማ ከጓሮ ገባች።

"ለእኔ ንገሪኝ ልጄ" አለች እህቱ። "አፉም ጆሮውም እኔ ነኝ።"

"እንዴት እንደሰነበተ ይጠይቁልኛል?"

"ደህና ነው።"

"አልጠየቁትም እኮ።"

"አርባ ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ፤ ደግሞ ምኑ ይጠየቃል?"

ሰውየው አንዴ እህቱን፣ አንዴ እንግዳዋን አየና ወደ ሚስማሩ ተመለሰ።

የክትትል ሠራተኛዋ ለችሎቱ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲመደብ ጻፈች። "እህቱ አለች አይደል? ያውም በነፃ" የሚል መልስ መጣ። ደግማ ጻፈች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጽፍ ደብዳቤውን ማስቀመጫ ያጡ ይመስል ፈቀዱላት።

የችሎቱ ቀን አስጠሪው በር ላይ ቆሞ የሶፋ ሠሪውን ስም ሦስት ጊዜ በታላቅ ድምፅ ተጣራ። ሶፋ ሠሪው አስጠሪው እግር ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አስጠሪው "አልቀረበም" ብሎ ሊጽፍ ሲል ሠራተኛዋ ደረሰች።

"ይኸው እኮ ተቀምጧል!"

"ታዲያ አቤት አይልም?" አለ አስጠሪው፣ ቅር ብሎት።

ዳኛዋ ፋይሉን አገላብጠው አንድ የምስክር ወረቀት አወጡ። ቁጣን ስለመቆጣጠር የሚሰጠውን ዐሥራ ሁለት ቀን ትምህርት አንድም ቀን ሳይቀር ተከታትሏል። ትምህርቱ ላይ አስተርጓሚ አልነበረም። ወረቀቱ "በጥሞና በማዳመጥ አርአያ ለሆነ" ይላል።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "መስታወቱን ለምን ሰበርከው?"

እህቱ ብድግ አለች። "ወረፋው አሰልችቶት ነው፣ ክብርት ዳኛ።"

"እሱን ነው የጠየቅኩት።"

ሰውየው እጆቹን አነሳ። አስተርጓሚው ከጎኑ ቆሞ ድምፅ ሆነለት።

"የሥራ ፈቃድ ላሳድስ ሄድኩ። ሠራተኛው እኔ ፊቱ ቆሜ እህቴን 'ይሄ ሰው ነገር ይገባዋል ወይ?' አላት። ከከንፈሩ አነበብኩት። ይህችን ንግግር ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማያት ከሩቅም አልስታትም። ለእሱ ለምጃለሁ። እህቴ ግን 'ኧረ አይገባውም፤ ለእኔ ንገረኝ' አለችው። መስታወቱን ያኔ ነው የመታሁት።"

እህቱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "እንዲፈጥንልን ብዬ ነው" አለች፤ ለማን እንደተናገረች ግን አልታወቀም።

ዳኛዋ ጥፋት ጥፋት ነው ብለው ገደቡን አጸኑ። የስልኩ ግዴታ ግን ቀረለት፤ በየሰኞው በጽሑፍ መልእክት ያሳውቃል፣ በወር አንዴ አስተርጓሚ ባለበት ይቀርባል። የሚጨምረው ካለ ሲጠይቁት ትምህርቱን እንደገና ልውሰድ አለ። ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ሲሉ እንደነበር ማወቅ ይፈልጋል።

ከችሎቱ ሲወጡ እህቱ የአስተርጓሚውን እጅጌ ያዘች። "ይቅርታ በእጅ እንዴት ነው?" አለችው። ወንድሟ የሚያውቀውን የምልክት ቋንቋ እሷ አትችለውም፤ ጓደኞቹ ናቸው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ያስተማሩት። እሷ የምታውቀው ልጆች ሳሉ ቤት ውስጥ የፈጠሯቸውን ምልክቶች ብቻ ነው፦ ብላ፣ ና፣ ተኛ፣ ተው። አስተርጓሚው አሳያት። መንገድ ላይ ስትሞክረው ወንድሟ ቆሞ አያት፤ ከዚያ ጣቶቿን ይዞ አስተካከለላት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምልክት ቋንቋ ትማራለች። አብረዋት የሚማሩት የሕፃናት ወላጆች ናቸው፤ ከሁሉም ወደ ኋላ የቀረችው እሷ ናት።

ገደቡ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ሶፋ ሠሪው ቢሮ ቀረበ።

"እህትዎ እንዴት ናቸው?" አለችው የክትትል ሠራተኛዋ፣ በአስተርጓሚው በኩል።

"በእጇ ማውራት ጀምራለች፤ ሙሉ ቀን አታቆምም። ትናንት ሶፋው ሊያገባ ነው አለችኝ።"

"አላረሟቸውም?"

"አርሜያት ነበር። 'እኔ ልክ ነኝ፤ ጣቴ ነው ያረጀው' አለችኝ።"

ሠራተኛዋ ቅጹ ላይ "የቤተሰብ ሁኔታ" ከሚለው ፊት ለፊት "ይነጋገራሉ" ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።