የቶማስ ሰባት አባቶች

መርዕድ ዘውዴ ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር ውስጥ ከእህቱ ከአልታየሽ ጋር ይኖራል። አባታቸውን ደርግ ካሰራቸው ወዲህ ለእሷ አባትም ወንድምም እሱ ነው። ቶማስ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ፣ ላግባት ብሎ ሲመጣ መርዕድ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "መጀመሪያ ሰባት አባት ቁጠርልኝ" አለው።

አልታየሽ በኀፍረት ልትሞት ደረሰች። "ጋሼ ደግሞ! ከፈረንጅ ጋር በየት በኩል ልንዛመድ?"

"ወግ ወግ ነው። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም።"

ቶማስ የሚያውቀው ሁለት ብቻ ነው፤ አባቱን ኤድዋርድንና ከኖርዌይ በመርከበኛነት መጥቶ ለንደን የቀረውን አያቱን ኒልስን። ግን ልጁ እልኸኛ ነው። የኖርዌይ አብያተ ክርስቲያናት የድሮ መዝገቦች በፊልም የሚታዩበት ቤተ መጻሕፍት ፈልጎ አገኘና የአያቶቹን ጋብቻ ማሰስ ያዘ።

አንድ ቅዳሜ አመዱ ቡን ብሎ መጣ። "ጠፋብኝ ጋሼ። አያቴ ኒልስ ላርሰን ነው። አባቱ ሲያገባ ግን ላርስ ኡልሰን ተብሎ ተጽፏል፤ የእሱም አባት ኡለ ሃንሰን። የቤተሰቡ ስም በየትውልዱ ይለዋወጣል። የሌላ ሰው ዘር ይዤ ነው መሰለኝ።"

መርዕድ ወረቀቱን ነጠቀው። አየው፣ ደግሞ አየው፣ ከዚያ ሳቁ መጣ። "አንተ ሞኝ! የላርስ ልጅ ኒልስ፣ የኡለ ልጅ ላርስ! እንደኛው በአባታቸው እየተጠሩ ነው እኮ። አልታየሽ፣ ነይ እዪ፣ አበሾች ናቸው!"

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከቶማስ ይልቅ መርዕድን ያዘው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አብሮት ሄደ። ሙሽሪትን ከነአባቷ፣ ሙሽራውን ከነመንደሩ፣ ቄሱ በጠማማ እጃቸው የከተቡትን እየተጋፉ አነበቡ። ከሃንስ በላይ ፔደር፣ ከፔደር በላይ አንደርስ። ሰባት ሞላ። መርዕድ ያለበትን ረስቶ አጨበጨበ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

ቤት ሲገቡ ቶማስ በጨዋ ደንብ እስክሪብቶውን አወጣ። "የእናንተንስ ልጻፍ?"

"ጻፍ! ዘውዴ። ሳህሉ። ባፈና። ዳኛቸው።" ቆመ። ከዘውዴ ጀምሮ ደገመው፤ ዳኛቸው ላይ ሲደርስ አሁንም ቆመ። እህቱን ቢያያት እሷም ወለሉን ታያለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ዘር መቁጠር የአባቱ ሥራ ስለነበረ፣ እሱ በቃሉ መያዝ ያለበት መስሎት አያውቅም። ድንገት አባቱ ናፈቁት።

 

"እንግዲህ" አለ መርዕድ ዓይኑን ጠርጎ፣ "አምስተኛው አበሻ ይሁን ኖርዌያዊ የሚያውቁት አባቴ ታስረዋል። ዘመድ ብትሆኑም የሚመሰክርባችሁ የለምና ውሰዳት።"