ከጎታው የወጣው መስቀል

ሰው በዚህ ኃላፊና ጠፊ ዓለም ሲኖር ከሚያገኙት ፈተናዎች ሁሉ ረቂቁና ስውሩ ክፉን መውደድ አይደለም፤ ክፉውንማ፥ ልጆቼ፥ ዓይን ያለው ሁሉ ከሩቅ አይቶ ይሸሸዋል፤ መልካሙንና ቅዱሱን ነገር ከልክ አሳልፎ ወድዶ፥ ጠባቂነቱን ዘንግቶ፥ ባለቤት ነኝ ማለት ነው እንጂ። የክፉ ፍቅር በንስሓ ይሰረያል፤ የመልካም ነገር ስስት ግን መልኩ ጽድቅን ስለሚመስል፥ ንስሓው ሁልጊዜ ከጥፋቱ በኋላ ይደርሳል። ይህንንም የምለው ከሊቃውንት አፍ ለቅሜ ሳይሆን፥ ጎረቤታቸው ነበርሁና በግራዝማች አድማሱ ቤት የሆነውን በእነዚሁ ዓይኖቼ ስላየሁ ነው።

ግራዝማች አድማሱ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ በእስቴ አገር ቁመናቸው ያማረ፥ አንደበታቸው የታረመ፥ ከከብትና ከእርሻ ይልቅ የጥንት ዕቃ የሚወድዱ መኰንን ነበሩ። ብር የለበሰ ጋሻ፥ የቀንድ ዋንጫ፥ ጠርዙ የነተበ የብራና መጽሐፍ ወድቆ አገኙ እንደ ሆነ የተቀመጡበትን በቅሎ ሰጥተው እንኳ ይወስዱት ነበር፤ እውነትም እርሳቸው ባይሰበስቡት ኖሮ ስንቱን ምስጥ በበላው፥ ስንቱን ዝናብ ባበሰበሰው! እንግዳ በመጣ ቁጥር ዕቃውን ከግድግዳ እያወረዱ “ይህ የእኔ ነው፤ ይህም የእኔ ነው” ማለት ደስታቸው ነበረ። ከሁሉ አብልጠው የሚሳሱለት የብር የመጾር መስቀል ግን የእርሳቸው አልነበረም፤ በጠላት ወረራ ዘመን የደብረ ጸሐይ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትቃጠል፥ ካህናቱ ከእሳት አውጥተው ለግራዝማች አባት በአደራ የሰጡት ንዋየ ቅድሳት ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ዳግመኛ ከታነጸች በኋላ አስተዳዳሪው ቄስ ሞገስ “ግራዝማች፥ አደራችንን” ባሏቸው ጊዜ፥ አንዴ “ግድግዳው ይድረቅ”፥ አንዴ “መዝጊያው ይጥበቅ” እያሉ አዘገዩአቸው፤ ኋላ ግን አፍረው፥ ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ ሕዝቡ በከበሮና በእልልታ መጥቶ እንዲወስደው ቃል ሰጡ።

ያ ቀን ሳይደርስ መንግሥት ተለወጠ፤ በግለሰብ እጅ ያለ የጥንት ቅርስ ሁሉ ተወርሶ ወደ ዋናው ከተማ ይግባ የሚል አዋጅም ወጣ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ይህን ሰምተው “ግራዝማች፥ መስቀሉን ዛሬውኑ ለቄስ ሞገስ ይላኩላቸው፤ ዋዜማ እስኪደርስ ምን ያስጠብቀናል?” ቢሏቸው፥ “በክብር የሚሄድ ነገር በጓሮ አይወጣም፤ ደግሞስ ከጤፍ ውስጥ ማን ያገኘዋል?” ብለው ከጎታው ጤፍ ውስጥ ቀበሩት። ውይ፥ ጥቂት ሌሊት አብሯቸው እንዲያድር ነው እኮ!

ዋዜማው አንድ ቀን ሲቀረው ጓድ ይልቃል የሚባል የመንግሥት ሹም ከወታደሮች ጋራ መጣ። ቁጡ ሰው አልነበረም፤ ምነው ቁጡ በሆነ! ትሑትና ለስላሳ፥ ዕቃውን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ የሚቀበል ሰው ነበረ። ግራዝማችም፥ የመጣ ሁሉ እንግዳ ነውና፥ አጎዛ አስነጥፈው፥ ጠጅ አስቀድተው፥ ሊወርሳቸው የመጣውን ሰው ሊያስደንቁ ዕቃውን ያወርዱ ጀመር።

“ይህ ጋሻ የማን ነው?”

“የእኔ ነው።”

“ይህስ ብራና?”

“እሱም የእኔ ነው፤ አጻጻፉን ብቻ ልብ በል፥ ልጄ!”

ሹሙ ሁሉን አይቶ ሲያበቃ “መልካም ስብስብ ነው፤ ግን፥ አይቀየሙኝና፥ ጋይንት ያየነው ይበልጣል” አለ። በተንኮል ይናገረው በቅንነት፥ እግዜር ይወቀው።

“ጋይንት! ጋይንት ደግሞ ከገል ስባሪ በቀር ምን አለ?” አሉ ግራዝማች፥ ከአጎዛው ብድግ ብለው።

ወይዘሮ አትጠገብን ሳል ያዛቸው። “ወዴት ነው፥ ግራዝማች?”

“ወደ ጎታው።”

“ጤፉን እኮ ጠዋት ሰፍሬዋለሁ፤ ደግሞ እርስዎ ከመቼ ወዲህ ነው እህል የሚሰፍሩት?”

“ተይኝ፥ አንቺ ሴት! ይህን ጋይንት ጋይንት የሚለውን አንዴ ላሳፍረው።”

እጃቸውን እስከ ብብታቸው ድረስ አግብተው አወጡት። ጤፉ ከመስቀሉ የሐረግ ጌጥ ቀዳዳ ለቀዳዳ እየረገፈ፥ ብሩ በመስኮቱ ብርሃን እያበራ ወጣ። የጓድ ይልቃል ቀኝ እጅ ሊያማትብ ወደ ግንባሩ ተነሣ፤ ወታደሮቹን አስታውሶ ግን ኮሌታውን አስተካከለበት። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ “እውነትም የጋይንቱን ያስንቃል። ይህም ይጫን” አለ። ያን ጊዜ ነው ግራዝማች የነቁት። “አይሆንም! ይህ የእኔ አይደለም፤ የማርያም አደራ ነው!” ብለው ቢጮኹ፥ “አባቴ፥ እስካሁን የጠየቅሁዎትን ሁሉ የእኔ ነው ሲሉኝ አልነበረም? ደግሞስ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ከጤፍ ውስጥ ምን ይሠራል?” አላቸው። እናንተው ፍረዱ። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

በማግሥቱ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፥ ጥላ ዘርግቶ፥ ከበሮ እየመታ ሲመጣ፥ እኒያ ኩሩ መኰንን እንደ በደለኛ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ከደጃቸው ቆመው ቆዩት። ከበሮው ዝም አለ። ቄስ ሞገስ “ድንጋዩን ያውርዱ፥ ግራዝማች፤ መስቀሉ ወዴት አለ?” ቢሏቸው፥ “መንግሥት ወሰደው” አሉ። ይህን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል አንዲት አሮጊት መነኵሲት “መንግሥትስ ከማን ቤት ወሰደው?” አሉ። ከዚያ በላይ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ቢረገሙ ይሻላቸው ነበር። ቄስ ሞገስ የእንጨት የእጅ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ሕዝቡን መለሱት፤ በዓሉም በዚያው በእንጨቱ መስቀል ተከበረ። ግራዝማች ከዚያ ወዲያ ስለ ጋሻውና ስለ ብራናው አንድም ቀን አላነሡም፤ ስለ መስቀሉ ብቻ ዋናው ከተማ ድረስ ለአቤቱታ ሲወጡና ሲወርዱ ጉልበታቸው አለቀ፥ ደጅ የሚከፍትላቸውም አላገኙ፤ በየዓመቱ ኅዳር ጽዮን ሲውል ከቤተ ክርስቲያኗ ቅጥር ውጭ ቆመው ያስቀድሱ ነበር እንጂ፥ እስኪሞቱ ድረስ ወደ ውስጥ አልገቡም። የወረሰው ሹምም ቢሆን ጻድቅ ነው አልልም፤ ነገር ግን አደራን በፍቅር ስም ያዘገየ ሰው፥ ነጣቂ በመጣበት ቀን “ተነጠቅሁ” ብሎ የሚጮኽበት አፍ የለውም።