አፈር የፈለገች እስስት

ሚኒባሱ የሃረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምር ምንተስኖት ጭኑ ላይ ያስቀመጠው ካርቶን ክዳኑ ተከፈተና እስስቷ በክንዱ ላይ ቀስ ብላ ወጣች።

"ኡኡ! ይህን አውሬ ካላወረዳችሁልኝ እኔ እወርዳለሁ!" አለች ከኋላ የተቀመጠች፣ ማተብ ያሰረች ሴት።

"ምንም አታደርግም፤ ታማብኝ ነው። ደሴ የእንስሳት ሐኪም ጋ እየወሰድኳት ነው።"

"እስስት ታሳክማለህ?" አለ ረዳቱ። "እኔ በጥርስ ሕመም ሳምንት ሙሉ ስሰቃይ ዞር ብሎ ያየኝ የለም!"

ተሳፋሪው ሣቀ። ምንተስኖት ግን አልሣቀም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ከተቀጠረ ወዲህ፣ ከሥራ ሲመለስ በኪራይ ክፍሉ የምትጠብቀው እሷ ብቻ ነበረች። ከድመት አፍ አስጥሎ ካመጣት ቀን ጀምሮ አጎበሩን በቅርንጫፎች ላይ ዘርግቶ ቤት ሠርቶላት፣ ራሱን ለትንኝ አሳልፎ ሰጥቷል። ማለዳ ማለዳ ቅጠሉ ላይ ውኃ ይረጭላታል፤ ፌንጣም ያድንላታል። ሰሞኑን ግን ሆዷ አብጦ ምግብ እንቢ አለች። ከቅርንጫፉ እየወረደች የሲሚንቶውን ወለል ስትቧጥጥ ትውላለች። ልታመልጥ የፈለገች መስሎት አጎበሩን ጠበቅ አድርጎ አሰረባት።

"እማማ ራቢያ፣ ቦታ ልቀይርልዎት?" አለ ረዳቱ፣ ከምንተስኖት አጠገብ ለተቀመጡት አሮጊት።

"ዝም በል አንተ!" አሉና ጎንበስ ብለው እስስቷን አዩ። "ልጄ፣ መሬት ትቧጥጣለች?"

"ቀኑን ሙሉ። እንዴት አወቁ?"

"እስስቶች ማሳችን ዳር እየቆፈሩ ዕንቁላላቸውን ሲቀብሩ ስንቴ አይቻለሁ! ይቺ አልታመመችም፤ ደርሳለች። የምትፈልገው አፈር ነው፤ አንተ ደግሞ ሲሚንቶ ላይ ቆልፈህባታል። ወላሂ፣ ካልጣለችው ይገድላታል።"

የምንተስኖት ፊት ጋለ። "ከጣለች በኋላስ... ወደ እኔ ትመለሳለች?"

"እሱን እንጃ። ሰው እያያት ግን አትቆፍርም።"

እማማ ራቢያ መዳፋቸውን ዘረጉ። "በሉ ዱዓ እናድርግላት። ያ ረቢ፣ የተጨነቀችን ሁሉ በሰላም ገላግል።"

"አሚን!" አለ ሚኒባሱ ሙሉ፤ ረዳቱም ጭምር። ያቺ የጮኸችው ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ማርያም በሽልም ታውጣት" አለች።

ምንተስኖት በመስኮቱ አዲስ የታረሰ፣ እርጥብ ማሳ አየ።

"ወራጅ አለ!"

"ሐኪሙስ?" አለ ረዳቱ።

"ይቅር።"

ከማሳው ዳር፣ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር አፈሩን በጣቶቹ አለስልሶ አስቀመጣት። አልተንቀሳቀሰችም። ጥቂት ራቅ አለ፤ አንድ ዓይኗ ተከተለው። ከድንጋይ ጀርባ ተደብቆ ሊጠብቃት፣ ስትጨርስም ወደ ቤቷ ሊመልሳት አሰበ። ወደ ቤቷ? ሐሳቡ እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመበት።

ከላይ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና ብቅ አለ። ምንተስኖት ለማሳው ጀርባውን ሰጥቶ እጁን አነሳ።