ያልዘገየችው ተሳፋሪ

«ግቡ እንጂ፣ ደጅ ላይ ምን ያቆማችኋል!» አለች ባይነሽ በሩን በአንድ እጇ ይዛ። የወደቡን ቢሮዎች አጽድታ ገና መመለሷ ነው፤ የሥራ ጫማዋን እንኳ አላወለቀች።

ሽማግሌው አባ ደረሰና ከኋላቸው ያለው ጎልማሳ ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎኑ መካከል ቆሙ። ባይነሽ አራት ወንበር አላት። ልጇ ስታቭ አግብታ ወደ ደቡብ ከሄደች ወዲህ በሦስቱ ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም።

«ስታቭን ለጋብቻ ልትጠይቁ ከሆነ ረፍዶባችኋል። ሌላ ወሰዳት» አለች።

አባ ደረሰ ፈገግ አሉ። «ለእርቅ ነው የመጣነው፣ ልጄ። እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

ባይነሽ ዛሬ እስራኤል ብትኖርም ጎንደር ተወልዳ ያደገች ናት፤ ይህን አላጣችውም። ሽማግሌ ልመናው ካልተሰማለት ወንበር አይነካም። ከተቀመጠ ግን ነገሩ አበቃ፣ ክሱም ቀረ ማለት ነው።

«እንግዲያው ቁሙ» አለች። «ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የተጣላሁት?»

«ከአየር መንገዱ ጋር።»

ሳቋ አመለጣት። «አውሮፕላንም ሽማግሌ ይልካል?»

«የላክኋቸው እኔ ነኝ» አለ ጎልማሳው አንገቱን ደፍቶ። «እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ከክርያት ቢያሊክ ነው የመጣሁት። አየር ማረፊያው ባንኮኒ ላይ ያስተናገደችሽ ልጅ፣ ራቪት፣ የእኔ ልጅ ናት።»

የባይነሽ ሳቅ እዚያው ደረቀ።

ከስምንት ወር በፊት ነው፤ ወንድሟ ታፈረ ከጎንደር ደወለላት። እሱና እናታቸው ወደ እስራኤል መግቢያ ፈቃድ ሲጠብቁ ዓመታት አልፈዋል። «እማዬ እየደከመች ነው፤ ነፍሷ ሳለ ድረሺ። ለመገነዣ የሚሆን ነጭ ጨርቅም ያዢ» አላት። ባይነሽ በዚያው ቀን ቲኬት ቆረጠች፤ ጨርቁን በላስቲክ ጠቀለለች፤ አውሮፕላኑ ሊነሳ አራት ሰዓት ሲቀረው አየር ማረፊያ ተገኘች። «ሞልቷል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ትሄጃለሽ» ተባለች። እናቷ በማግስቱ አረፈች። በጎረቤት አንሶላ ተገንዛ ተቀበረች።

«ቲኬት የቆረጠን ሰው አውሮፕላን ጥሎት አይሄድም። ሥራሽ በልጦብሽ ነው» አላት ታፈረ።

ባይነሽ ወረቀት ስጡኝ ብላ አየር መንገዱን ነዘነዘች። ወረቀቱ በፖስታ መጣላት። ስሟን ከመፈረም በቀር ፊደል አልዘለቃትም፤ ግን የደመቀ ማኅተሙን ስታይ ልቧ ሞላ። ለማንም ሳታስነብብ ፎቶ አንስታ ለታፈረ ላከችው። ጎንደር ላይ ዕብራይስጥ የሚማረው የታፈረ ልጅ አነበበው፤ «ተሳፋሪዋ ዘግይታ በመድረሷ» ይላል። ከዚያች ቀን ወዲህ ታፈረ ስልኳን አንስቶ አያውቅም።

ባይነሽም መንግሥት ጋ ሄዳ ከሰሰች። ካሳ አልጠየቀችም። «ዘግይታ የምትለዋን ይሰርዙልኝ» ነው ያለችው፤ ይህንኑም በየሳምንቱ እየተመላለሰች።

«ከመቀመጫው በላይ ቲኬት ሸጠው ነበር» አለ አባትየው። «ዘገየች ብለሽ ጻፊ ብሎ ያዘዛት አለቃዋ ነው። መንግሥት ሲጠይቃቸው ጊዜ ግን ጥፋቱን በልጄ ላይ ጣሉት። ሐሙስ ሺሙዓ አለባት፤ ከማባረራቸው በፊት ቃልሽን ስጪ የሚሉት ያ። ክሱን ብታነሺልን…»

«እናቴን በሰው አንሶላ ነው የቀበሯት» አለች ባይነሽ።

አባ ደረሰ ጉልበታቸው ደክሞ አንዱን እግራቸውን ሲያሳርፉ አየች፤ ወንበር ግን አላቀረበችም።

«ልጅቷ የት ናት?»

«ታች፣ መኪና ውስጥ።»

«ድንጋይ ተሸክማ ነው ወይስ ስልኳን እየነካካች? ትውጣ።»

ራቪት ዓይኗን ከወለሉ ሳትነቅል ገባች። «እናቴ፣ ይቅርታ፣ እኔ…»

«ይቅርታሽን ያዢው። ስልክሽን አውጪና ለወንድሜ ደውዪ። የእኔን ቁጥር አያነሳም፤ የማያውቀውን ግን ያነሳል። ያደረግሽውን ንገሪው።»

«አማርኛዬ እኮ ጥሩ አይደለም።»

«እውነቱን ለመናገር ይበቃሻል።»

ስልኩ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርገውት ነበር።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

ባይነሽ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ስምንት ወር ሙሉ ያልሰማችው ድምፅ ነው።

«እኔ ራቪት። አየር ማረፊያ የምሠራ። እህትህ አልዘገየችም። ከሁሉም ሰው በፊት መጣች። ዘገየች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው።»

«እሷ ናት እንዲህ በይ ያለችሽ?»

«ንገሪው አለች። ግን እውነት ነው።»

«እስቲ እጇ ላይ ምን ነበር?»

ራቪት ባይነሽን ቀና ብላ አየቻት። «ጨርቅ። ነጭ፣ በላስቲክ። ሻንጣ ውስጥ ክተቺው ስላት እምቢ አለች፤ ከእጄ አይወጣም አለች። ስትመለስም እንዳቀፈችው ነበር። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።»

በስልኩ ውስጥ የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ፤ ራቀ፤ ጠፋ።

«ሰማሁ» አለ ታፈረ። ስልኩ ተዘጋ።

«እህቴን አቅርቢልኝ አላለም» አለች ራቪት ቀስ ብላ።

«እኔም ጆሮ አለኝ።»

ባይነሽ ቁም ሳጥኑን አየች። ጨርቁ እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ እዚያ ውስጥ አለ። ክሱን ብትገፋበት አንድ ቀን ሌላ ወረቀት ይመጣል፤ እሱንም ሌላ ሰው ነው የሚያነብላት።

«ሐሙስ ምን ትያለሽ?» አለቻት ልጅቷን።

«አለቃዬ አዘዘኝ እላለሁ።»

«ሳትፈሪ?»

«እየፈራሁ።»

ባይነሽ የሥራ ጨርቋን ከኪሷ አወጣች። የሦስቱን ወንበሮች አቧራ አንድ በአንድ ጠረገችና ከጠረጴዛው ሥር ሳበቻቸው።

«በሉ፣ ተቀመጡ» አለች።

የራሷን ስልክ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው መካከል አኖረችው። ከዚያ በአራተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች።