ወደ ቤታቸው እንሸኛቸው

1

ርዕሱ ሰውየውን ካላስቆመው፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ ለግድግዳው ነው የተጻፈው።

ይህን ያለው መጽሐፍ ነው፤ ምንትዋብ አይደለችም። እሷ ያሰመረችበት ብቻ ናት። በቀይ፤ ደግማ ደግማ።

2

ምንትዋብ እንግዳወርቅ የማስታወቂያ ጸሐፊ ናት። ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ሳታስቡት አብራችሁ የምታንጎራጉሩት የሳሙና ግጥም የሷ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ስለ ከብት እርባታ ነበር፤ ሙያውን ያስተማሯት አሮጌ መጻሕፍት ናቸው። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አንድ በአንድ የለቀመቻቸው፣ ግማሾቹ ፎቶ ኮፒ፣ ግማሾቹ ሽፋን የሌላቸው። የጻፏቸው ፈረንጆች ከሞቱ ዘመን ሆኗቸዋል። በፖስታ መድኃኒት ሲሸጡ፣ ሳሙናና መኪና ሲሸጡ ኖረው፣ በስተርጅና ደግሞ እንዴት እንደሸጡ ጽፈው የሞቱ ናቸው።

ስማቸውን አልጠራም። እልህ ይዞኛል።

እሷ ግን «ክላሲክ ናቸው» ትላለች። ቢሮዋ አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ከመደርደሪያው አውርዳ ታሸክመዋለች። «እነዚህን ሳትጨርስ አንድ መስመር እንዳትጽፍ።» በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

3

መጻሕፍቱ ምን ይላሉ? በጥቅሉ ይህን ነው የሚሉት። ሰው ሁሉ የሚለውን ቃል አትበል፤ ዓይን ለምዶት ያልፈዋል። በዝርዝር አታድክመው፤ መጀመሪያ ልቡን ንካው። ሲጨርስም ምን እንዲያደርግልህ እንደምትፈልግ በግልጽ ንገረው፤ ሳትነግረው ቤቱ እንዳይገባ።

ልክ ናቸው።

የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ውሸት ቢሆኑ ኖሮ የምጽፈው ነገር አልነበረኝም።

4

አባቷ ጠፉ።

&nbsp;

&nbsp;

5

ጋሽ እንግዳወርቅ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ወጡ፣ ሚስታቸው አረፉ፣ ከዚያ ጉለሌ ከልጃቸው ጋር መኖር ጀመሩ። ቀስ በቀስ መርሳትም መጣ። በመነጽራቸው ጀመረ፣ ወደ ጎረቤት ስም ተሻገረ፣ ኋላ ላይ ሚስታቸውን «ገበያ ቆየችሳ» ይሉ ነበር። ምንትዋብ መጀመሪያ ታርማቸው ነበር። በኋላ «ትመጣለች አባዬ» ማለት ለመደች።

በዚያን ዕለት ጠዋት እሷ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሥራ።»

«የት ነው የምትሄጂው?»

«ነገርኩህ እኮ፣ ሥራ!»

«እሺ። የት ነው የምትሄጂው?»

«አባዬ፣ በናትህ ጊዜ የለኝም!»

ትታቸው ወጣች። ማታ ስትመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው። ጊዜ ያሳጣት የማንጎ ጭማቂ ማስታወቂያ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድትፈርዱባት አይደለም። እሷ በራሷ ላይ ፈርዳ ጨርሳለች።

6

*ምንትዋብ ፖሊስ ጣቢያውን፣ ሆስፒታሉን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ አዳርሳ ባዶ እጇን ከተመለሰች በኋላ፣ ከጎረቤቷ ከእትዬ ዘርፌ ጋር የተነጋገሩት፦*

ዘርፌ፦ አፋልጉኝ ለጥፊ እንጂ የኔ እናት! ምን ትጠብቂያለሽ?

ምንትዋብ፦ እየጻፍኩ ነው እትዬ።

ዘርፌ፦ ይሄ ምኑ ይጻፋል? ስም፣ ዕድሜ፣ የለበሱት። አለቀ።

ምንትዋብ፦ እሱን ማን ያነበዋል? ምሰሶው ሁሉ አፋልጉኝ ነው። እርስዎ ራስዎ ቆመው አንብበው ያውቃሉ?

ዘርፌ፦ ሳልፍ ገረፍ አድርጌ ነው እንጂ…

ምንትዋብ፦ አዩ?

ዘርፌ፦ እኔ እንኳ ዓይኔም ደከም ብሏል።

7

*ርዕስ፦* አፋልጉኝ።

ሰረዘችው። ሰው ሁሉ የሚለው ቃል ነው።

*ርዕስ፦* አባቴን ያያችሁ?

ሰረዘችው። የማን አባት? ለሰፊው ሕዝብ ምኑ ናቸው?

*ርዕስ፦*

&nbsp;

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸኙን።

አሁን ተራው የኛ ነው።

ወደ ቤታቸው እንሸኛቸው።

&nbsp;

ይህን ስትጽፍ አለቀሰች። የራሷ ጽሑፍ አስለቅሷት አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ አመነችው። እውነቱን ለመናገር ግሩም ነበር። ልብ ይነካል፣ ሰውየው ማን እንደሆኑ ይናገራል፣ መጨረሻ ላይም ምን እንድናደርግ ያዘናል። መጻሕፍቱን የጻፉት ሰዎች አማርኛ ቢያውቁ ኖሮ ተነስተው ያጨበጭቡላት ነበር።

ከላይ ፎቶ አደረገች፤ ጡረታ የወጡ ዕለት የተነሱት፣ ሙሉ ሱፍ፣ ክራቫት፣ ፊታቸው ኮስተር ያለ። ከታች ስማቸውንና የሷን ስልክ። ክርኑ ላይ የተጣፈውን ቡናማ ኮት ጽፋው ነበር፤ አወጣችው። የግንባራቸውን ጠባሳም አወጣችው። ዝርዝር ስሜት ይገድላል።

ከጉለሌ እስከ ቃሊቲ፣ አባቷ ይነዱበት በነበረው መስመር ሁሉ፣ ምሰሶ ሳይቀር አስለጠፈች።

8

እስቲ እናንተ ደግሞ ይህን አድርጉ።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቁሙ። መሽቶባችኋል፣ ደክሟችኋል። ከጎናችሁ ምሰሶ ላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ አለ። ሱፍ ለብሰዋል። ከሥሩ ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ወደ 7 ተመለሱና ድጋሚ አንብቡት። ሸኙን። ተራው የኛ ነው። እንሸኛቸው።

ምን አላችሁ?

&nbsp;

&nbsp;

እኔም እንደዚያው።

9

— ሃሎ፣ የአቶ እንግዳወርቅ ቤት ነው?

— አዎ! አገኟቸው?

— እግዚአብሔር ያጽናሽ የኔ ልጅ። አብረን ነው የሠራነው። እንደሳቸው ያለ ሰው አይገኝም።

— ጋሼ፣ አልሞቱም እኮ።

— አይዞሽ። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው፣ አይታመንም። ቀብሩ የት ነበር?

&nbsp;

— ሃሎ፣ ሽኝቱ ስንት ሰዓት ነው?

&nbsp;

— ከጡረተኛ ሹፌሮች ዕድር ነው የምንደውለው። ድንኳን አላችሁ ወይስ እንላክ?

&nbsp;

— ነፍስ ይማር። *(ተዘጋ)*

&nbsp;

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ። ሳር ቤት አካባቢ ሲኖሩ የሚያውቋቸው ናቸው። እትዬ ዘርፌ በሩን በሰውነታቸው ሞልተው ቆሙ። «አልሞቱም! ደኅና ሰው ላይ እንዳታሟርቱ! እንባችሁን ጠርጋችሁ ግቡ፣ አለዚያ ከዚሁ ተመለሱ!» አንደኛዋ ግራ ገብቷት «ታዲያ እንሸኛቸው የሚለው ምንድን ነው?» አለች። ምንትዋብ ቤት ውስጥ ሆና ሰማች።

10

መሸኘት።

&nbsp;

እንግዳ ይሸኛል። ሙሽራ ይሸኛል። ሬሳም ይሸኛል። ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ ፎቶው ምሰሶ ላይ ወጥቶ «እንሸኛቸው» ከተባለ፣ በዚህ አገር የሚሸኝበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ከላዩ ላይ ደግሞ «አሁን ተራው የኛ ነው» ሲጨመርበት አንባቢው የራሱንም ሞት አስቦ፣ አማትቦ ነው የሚያልፈው።

መጻሕፍቱ ይህን አያውቁም። ከየት ያውቁታል? ምንትዋብ ግን ታውቃለች። የእናቷ ለቅሶ ላይ «በደንብ ሸኘናት» ሲባል ነው የዋለው። ቃሉ አፏ ውስጥ ነው ያደገው። ልብ ልትነካ ስትሮጥ የገዛ ቋንቋዋን ረግጣው አለፈች፤ ያንገበገባትም እሱ ነው። ደንበኛ አሳጥቷት ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር። አሁን ግን አባቷን በሕይወት እያሉ ቀበረቻቸው፣ ያውም አሳምራ።

ወረቀቶቹን ልትቀድ ወጣች። ማጣበቂያው ጥሩ ነበር። አንዳንዱ ላይ ጽሑፉ ተቀዶ ፎቶው ቀረ፤ አንዳንዱ ላይ ፎቶው ተነስቶ «ተራው የኛ ነው» የሚለው ብቻ ምሰሶው ላይ ቀረ። እስከ ቃሊቲ ሳትደርስ ጥፍሯ ደማ።

11

አፋልጉኝ

አባቴ አቶ እንግዳወርቅ ተሰማ ከቤት እንደወጡ አልተመለሱም። ዕድሜያቸው 76፣ ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ መልካቸው ጠይም፣ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ አለ። የለበሱት ክርኑ ላይ የተጣፈ ቡናማ ኮት። የመርሳት ችግር አለባቸው። ያሉበትን የምታውቁ በእግዚአብሔር ስም ደውሉልኝ።

&nbsp;

*የሚያስቆም ርዕስ የለውም፣ ለዛ የለውም፣ ማንንም አያስለቅስም። እትዬ ዘርፌ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «አሁን ገና ሰው ጠፋ» አሉ።*

12

*ስልክ። ደዋይዋ ዘሐራ ትባላለች፤ ምንትዋብ አታውቃትም።*

ዘሐራ፦ ሃሎ፣ ስለ ሽማግሌው ነበር። ኮታቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው አይደል?

ምንትዋብ፦ አዎ። አዎ!

ዘሐራ፦ እኔ ቃሊቲ መናኸሪያው በር ላይ ካልሲ ነው የምሸጠው። ባለፈው ሳምንት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ቆሎ ሰጠኋቸው።

ምንትዋብ፦ ባለፈው ሳምንት? ታዲያ ያኔ ለምን…

ዘሐራ፦ ወላሂ ፎቷቸው ያኔም ምሰሶው ላይ ነበር፣ ዓይኔ እያየ። ግን የሞተ ሰው ነዋ! እኚህ ደግሞ ቆሎ እየበሉ ነው። ወንድማቸው ይሆናሉ ብዬ፣ መርዶ እንዳላረዳቸው ፈርቼ ዝም አልኩ። ዛሬ ይሄኛውን ሳነብ ነው ልቤ ቀጥ ያለው።

ምንትዋብ፦ ምን አሉሽ? የት እሄዳለሁ አሉ?

ዘሐራ፦ ልጅ ጠፍታብኝ ነው አሉ።

ምንትዋብ፦ ልጅ?

ዘሐራ፦ አዎ፣ ሴት ልጅ።

ምንትዋብ፦ ሌላስ ምን አሉ?

ዘሐራ፦ የት እንደምትሄድ ጠይቄያት ነበር፣ መልሷ ጠፋብኝ አሉ። ስንት ዓመቷ ነው ስላቸው እጃቸውን እዚህ ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ይህን ታክላለች አሉኝ። ሲያሳዝኑ! ምሰሶ ለምሰሶ እየሄዱ የተለጠፈውን ሁሉ ያነባሉ። ምን ይፈልጋሉ አባባ ብላቸው፣ ጎበዝ ጸሐፊ ናት፣ ያለችበትን አንዱ ጋ ጽፋልኝ ይሆናል አሉ።

ምንትዋብ፦ ያንን… የሱፉን ፎቶስ አነበቡት?

ዘሐራ፦ እሱን ተዪው በቃ።

ምንትዋብ፦ ንገሪኝ እህቴ፣ በፈጠረሽ።

ዘሐራ፦ አነበቡት። ጮክ ብለው። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁና፣ ነፍስ ይማር፣ ደኅና ሰው ነበሩ መሰለኝ፣ አሉ።

ምንትዋብ፦ ከዚያስ?

ዘሐራ፦ ከዚያማ ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሄዱ።

13

ምንትዋብ ያን ዕለት ቃሊቲን አካለለች። ዘሐራ ካልሲዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ አብራት ዞረች። ያዩዋቸው ሰዎች ነበሩ። አንዱ በዚህ ሄዱ አለ፣ አንዱ በዚያ። ሁሉም ሲያነቡ ነው ያዩዋቸው።

ስለዚህ እዚያው መናኸሪያው በር ላይ፣ የካልሲ ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ ሌላ ወረቀት አወጣች። የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ አባቷ። እሱም እሷን አይፈልግም፤ ወገቡን የምታክል ልጅ ነው የሚፈልገው። የመጀመሪያዎቹን ቃላት ለመጻፍ አላመነታችም።

ያለችበትን ቦታ መጻፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ጉለሌ ብትለው ጉለሌን ረስቶታል። ሳር ቤት የነበረው ቤታቸው ፈርሷል፤ አሁን መንገድ ነው። ትምህርት ቤቷ ስሙም በሩም ተቀይሯል። ቃሊቲ ብትለው፣ የትኛው ምሰሶ ሥር? እሱ ጭንቅላት ውስጥ ይህች ልጅ የሆነ ቦታ ቆማ እየጠበቀችው ነው፤ ቦታውን የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነው።

ዘሐራ «ጻፊ እንጂ፣ ሊዘንብ ነው» አለቻት።

&nbsp;

&nbsp;

አባዬ፣ ተገኝቻለሁ።

አላለቀስኩም። ና ውሰደኝ።

ያለሁት

&nbsp;

&nbsp;

&nbsp;

ነው።